ግራ ያወጣ አይጠየቅም

ጥቅምት 3

ዛሬም ኮሌጅ ውስጥ እርስ በርስ ስናስተምር ዋልን። እኔ መምህር፣ የክፍል ጓደኞቼ የአራተኛ ክፍል ልጆች። ጺም ያለው ሁሉ "ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?" ይላል። ቀጭኗ ጓደኛዬ ሳትቀር ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ የውሸት ታለቅሳለች... ከሷ አልጠበቅኩም ነበር። ተናድጄ ሰሌዳው ላይ ስጫን ጠመኔው ተሰበረ። የባሰ ሳቁ።

ከዚያ የልምምድ አስተባባሪዋ የትምህርት እቅዴን አነሳች። "ተማሪዎች ክፍልፋይን ይረዳሉ" ብዬ ጽፌ ነበር። በቀይ ሰረዘችው። መረዳት አይለካም፣ መረዳታቸውን በምን ታውቂያለሽ፣ ይዘረዝራሉ በይ፣ ያነጻጽራሉ በይ፣ ያሰላሉ በይ። እሺ። መረዳት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ታዲያ ልምምድ ስንወጣ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?

ቤት ስገባ ወንድሜ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ መጥቶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እግሩን ሳይሰበስብ "ቲቸር፣ እንዴት ዋልሽ?" ይለኛል። ትራስ ወረወርኩበት። እማ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል "ተዉ" አለች። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን እሷ ተዉ የምትለው ለሁለታችንም ነው።

የልምምድ ምደባው ሐሙስ ይለጠፋል ተብሏል። የትም ያድርጉኝ፣ ብቻ ሩቅ አይሁን።

ጥቅምት 6

ሩቅ አይደለም። ምነው ሩቅ ባደረጉኝ።

በሰው ክርን መሃል ተሹለክልኬ ስሜን አገኘሁት። ከጎኑ ያለውን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። በልጅነቴ ግማሽ ዓመት የተማርኩበት ትምህርት ቤት። አራተኛ ክፍል። ተቀብሎ የሚያለማምደኝ መምህር... እሱ። ባለ ሹራቡ።

ስለ ባለ ሹራቡ እዚህ ልጻፍ፣ ለሰው አውርቼው አላውቅም። በሙቀትም በብርድም ሹራብ የማያወልቅ መምህር ነው። ቤት ስለቀየርን እሱ ክፍል የገባሁት በዓመቱ አጋማሽ ነበር። እጄን አወጣለሁ፣ አይጠራኝም። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ነው፣ ክንዴ እስኪዝል አወጣለሁ። አይቶኝ ያልፍና ሌላ ልጅ ይጠራል። አንድ ቀን እንኳን አልጠራኝም። ፈተና ላይ ጥሩ ሳመጣ ደግሞ እማን አስጠርቶ "ልጅሽ ከጎኗ ካለችው እየኮረጀች ነው" አላት። እማ አመነችው። በእንጨት ማስመሪያዋ መዳፌን መታችኝ፣ ያውም የምጽፍበትን፣ ግራዬን። ፈተናዬን ሰርዞ ክፍል አስደገመኝ። እማ አፈረችና ሌላ ትምህርት ቤት አስገባችኝ።

አልኮረጅኩም። ያኔ የሚሰማኝ አላገኘሁም፣ ይኸው እዚህ ጻፍኩት። አልኮረጅኩም።

አስተባባሪዋ ቢሮ ሄጄ ቀይሩልኝ አልኳት። ምክንያት? አለች። ምን ልበላት? የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አስቀይሞኛል ልበላት? ነገ ተመለሽ አለችኝ።

ጥቅምት 7

አልቀየሩልኝም። "ለቤትሽ ቅርብ ነው፣ ተመስገን በይ።"

ጥቅምት 8

ከሁሉም ያናደደኝ የእማ ደስታ ነው። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ቤታችን በር ላይ ስሰፋ ሲያየኝ ቆሞ ነው ሰላም የሚለኝ፣ ጥሩ ሰው እጅ ገባሽ... ትላለች። ረስታዋለች? ወይስ እኔ የረሳሁ መሰላት? ማስመሪያዋ እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ አለች። ጨርቅ በለካችባት ቁጥር አያታለሁ።

ሳህኖቹን ከሚገባው በላይ እያንኳኳሁ አጠብኩ።

ጥቅምት 11

ልተዋወቅ ሄድኩ። ፊቴን አጥብቄ፣ የምለውን መንገድ ላይ እየተለማመድኩ። ምን ይሆናል... አላወቀኝም። ጭራሽ። ስሜንም ፊቴንም። ብድግ ብሎ ወንበሩን በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ "ተቀመጪ ልጄ" አለኝ። ሹራቡ ግራጫ ነው አሁን፣ ፀጉሩም እንደዚያው። ለክፉ ሰው ተዘጋጅቼ ሄጄ ደግ ሽማግሌ አገኘሁ። ይሄም ያናድዳል።

ክፍሉ ያው ነው። ሦስት ሦስት የሚያስቀምጡት ዴስኮች፣ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን የተደፈነው መስኮት። ልጆቹ እንዲያውቁኝ ስሜን ሰሌዳው ላይ እንድጽፍ ጠየቀኝ። ጻፍኩ።

"ግራኝ ነሽ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ተጠንቀቂ፣ እጅ ስታወጪ ልጆቹን እንዳታደናግሪያቸው።"

ምን ማለቱ ነው? ግራኝ መሆኔ ማንን ያደናግራል? ቤት እስክደርስ ሳብላላው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 24 አስተባባሪዋ ባለችበት አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። ከዚያ እሱ "ክፍሌን ትረከብ" ብሎ ከፈረመ ልምምድ እገባለሁ። ካልፈረመ ዓመቱ አለፈኝ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ጋር እንደገና ወረፋ። ክፍል ሊያስደግመኝ ይችላል ማለት ነው። ያው ሰው፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ጥቅምት 13

ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ኋላ ተቀምጬ ሲያስተምር አየሁ። ከወረዳ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ነበር። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሁሉም እጅ ይወጣል። አንድ የቀረ እጅ የለም። የጠራው ልጅ ሁሉ በትክክል ይመልሳል። ሱፐርቫይዘሩ አንገቱን እየነቀነቀ ወጣ። እኔም ቀናሁ፣ እውነቴን ነው።

መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ግን አለች። በእያንዳንዱ ጥያቄ እጇን ታወጣለች፣ አይጠራትም። ያቺ እኔ ነኝ አልኩ። ደሜ ፈላ። እረፍት ሲወጡ ጠራኋትና ለምን እንደማይጠይቃት ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሞኝ ነገር የጠየቅኳት ይመስል አየችኝ።

"ግራዬን ነው እኮ ያወጣሁት" አለች።

"እና?"

"የሚያውቅ ቀኙን ነው የሚያወጣው። የማያውቅ ግራውን። ግራ ያወጣ አይጠየቅም።"

"ግራኝ የሆነ ልጅስ?"

"እሱም ቢሆን ካወቀ ቀኙን። መስከረም ላይ ነው ቲቸር የሚነግረን።"

መስከረም ላይ። እኔ የገባሁት በዓመቱ አጋማሽ። አዲስ ልጅ፣ ማንም የማያጫውተኝ። ግራኝ። የማውቀውን ሁሉ በግራ እጄ እያወጣሁ... ግማሽ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አላውቅም ስለው ኖሬያለሁ። ከዚያ ፈተና ስደፍን ጊዜ... እንዴት አይጠርጥር? በገዛ እጄ መስክሬበታለሁ።

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ማልቀስ ፈለግኩ፣ እንባው እምቢ አለኝ። ንዴት ብቻ።

ጥቅምት 14

ለእማ ነገርኳት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

ባለ ሹራቡ ያኔ ምን እንዳላት ጠየቅኳት፣ ቃል በቃል። "እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት አላውቅም የምትለኝ" ብሎኝ ነበር አለች።

"አንቺስ እኔን ጠየቅሽኝ?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ወንድሜ ከሶፋው ተነስቶ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጠረው።

ጥቅምት 17

ባለ ሹራቡ ለ24 እንዴት እንደምዘጋጅ ሊያሳየኝ አስቀመጠኝ። አትጨነቂ አለ። ጠይቂ፣ ሁሉም ያወጣሉ፣ ቀኝ ቀኙን ጥሪ፣ አስተባባሪሽ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሕጉን የማላውቅ መስሎት በትዕግሥት አስረዳኝ።

ግራ የሚያወጡትስ መቼ ይማራሉ? አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሏል።

አልተቆጣም፣ የድሮ ነገር አወጋኝ። ሥራ እንደጀመረ አንድ ልጅ አስነስቶ ጠየቀ። ልጁ አላወቀም፣ ክፍሉ ሳቀበት። በማግስቱ ቀረ። እሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቢለምነውም ልጁ እምቢ አለ፣ በዚያው ትምህርቱን ተወ። "ከዚያ ወዲህ የማያውቅ ልጅ አስነስቼ አላውቅም። እዚህ ክፍል ማንም አፍሮ አያውቅም" አለኝ።

ማንም! እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ።

ግን ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። ንዴቴን አበላሸብኝ። ሰውዬው ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ምን አልኩት? "እሺ" አልኩት። እሺ! ምላሴን ነክሼ መጣሁ።

ጥቅምት 18

ቀጭኗ፦ "ዝም ብለሽ ቀኝ ቀኙን ጥሪና እለፊ። አስተባባሪዋም እሱም ደስ ይበላቸው። ከተመረቅሽ በኋላ እንደፈለግሽ ትናደጃለሽ።" ጤነኛ ምክር ነው። ለዚህ ነው ያናደደኝ።

ጥቅምት 20

ከካርቶን ክብ እየቆረጥኩ ዋልኩ። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ። ወንድሜ በፀጉር ቤቱ መቀስ ካልቆረጥኩልሽ ብሎ አንዱን ሩብ አንጋዶ አበላሸው። የደንበኞቹን ጆሮ እንዲህ ከቆረጠ ፈጣሪ ይርዳቸው አልኩት። ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

እማ ደጋግማ ታየኛለች። በመጨረሻ "ልሂድና ልንገረው?" አለች።

"ምን ብለሽ?"

"ልጄ አልኮረጀችም ብዬ።"

"አሁን? ያኔ ነበር መሄድ። መምጣት ያለበት እሱ ነው።"

መቀሱን ስጥለው ጮኸ። እማ ጎንበስ ብላ አንስታ፣ እጀታውን ወደኔ አዙራ ሰጠችኝ። ምነው በተቆጣችኝ።

ጥቅምት 23

ነገ። ምን እንደማደርግ አላውቅም። እቅዱ ላይ "ያነጻጽራሉ" ብዬ ጽፌያለሁ። ሸሚዜን ተኩሻለሁ። ጠመኔ፣ ካርቶን፣ መቀስ ይዣለሁ። ቀኝ ቀኙን ጠርቼ ልለፍ? አንድ ክፍለ ጊዜ እኮ ነው...

ጥቅምት 24

አደረግኩት። ወይም አበላሸሁት።

አስተባባሪዋና እሱ ኋላ ተቀመጡ። ሰላምታ፣ ያለፈውን ክለሳ፣ ሁሉም ደህና ነበር። "ከግማሽና ከሩብ የቱ ይበልጣል?" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ እጅ ሆነ። ቀኝ እጆች ሞልተዋል። የፊተኛው ልጅ ቀኙን ከትከሻው ሊነቅለው ነው። እኔ የመስኮቷን ልጅ ጠራሁ።

አልተነሳችም። እጇን አየችው። የተሳሳተች መስሏት ግራዋን አውርዳ ቀኟን አወጣች፣ ደግሞ አወረደች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፊተኛው ልጅ "ቲቸር፣ እሷ እኮ ግራ ናት" አለኝ፣ ሊረዳኝ ብሎ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ግራ ናት፣ ቲቸር፣ ግራ ናት።

አስተባባሪዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። "ግራ ናት ማለት ምንድነው?"

ማን ይመልስላት? ልጁ በኩራት መለሰላት። ግራ ያወጣ አይጠየቅም።

እሱን ማየት ነበረብኝ፣ ለዚያ ነበር የጠራኋት። አላየሁትም። ልጅቷን ነበር የማየው። ለሷ ብዬ ነው ያስነሳኋት ወይስ እሱን ለማሳፈር? እሱን ለማሳፈር ነው። እዚህ እንኳን ላልዋሽ። ያቺን ልጅ እንደ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኳት።

ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ባታውቂም ምንም አይደለም፣ ምን እንደሚመስልሽ ንገሪኝ አልኳት። ቀስ ብላ "ሩብ" አለች። ለምን? "አራት ነዋ። አራት ከሁለት ይበልጣል።" አንድ ሁለቱ ሳቁ። ዞሬ ሳይ ግን ቀኛቸውን ካወጡት መሃል ብዙዎቹ ፊታቸው ተለውጧል። እነሱም እንደሷ ነበር የመሰላቸው! ለካ ቀኝ እጅም ይዋሻል። ካርቶኑን ሰጠኋት። ሩቡን ግማሹ ላይ አስቀመጠችው። አነሳችው፣ ደግማ አስቀመጠችው።

"ያንሳል" አለች። "ለአራት ሲካፈል ያንሳል።"

ደወል። መልመጃው አልተሠራ፣ ማጠቃለያው አልተሠራ፣ እቅዱ ግማሹ ቀረ። አስተባባሪዋ "ጊዜ አጠቃቀም፦ ደካማ" ብላ ጽፋ ሄደች። እውነቷን ነው።

ልጆቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ቀደምኩት።

"ያኔም ግራኝ ነበርኩ" አልኩት። "እዚህ ክፍል። በዓመቱ አጋማሽ የመጣሁት። ሕጉን የነገረኝ አልነበረም። ኮርጀሻል ብለው ያስደገሙኝ ልጅ ነኝ።"

የልጆቹ ዴስክ ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ አልገባለትም። የሹራቡን እጅጌ ይጎትታል። ክርኑ ላይ ተቀዷል። በመጨረሻ "በየቀኑ ግራሽን ታወጪ ነበር" አለ። "በየቀኑ ትዝ ይለኛል።"

"አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ።"

"አዎ።" ቀና አለና፦ "ምን ላድርግልሽ?"

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው የኖርኩ ይመስል መልሱ አፌ ላይ ነበር። "ለእኔ ምንም። ለእናቴ የነገሯትን ግን ራስዎ ሄደው ይመልሱት። ሲያልፉ ሰላም ይሏት የለ?"

ሳይመልስልኝ ወጣ። አልፈረመም።

ጥቅምት 26

ምንም። እማ በር ላይ ስትሰፋ ዋለች። እኔ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። በዚህ በኩል አላለፈም። ዞሮ ነው የሚሄደው ማለት ነው።

ጥቅምት 27

ፈርሟል። አስተባባሪዋ ጠርታ ነገረችኝ። "ክፍሌን ትረከብ" ብሎ ፈርሟል። ቀጭኗ አቀፈችኝ። ወንድሜ ፀጉሬን በነፃ እንደሚቆርጥልኝ ቃል ገባ፣ እምቢ አልኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። አላለኝም። ፊርማውን አልጠየቅኩትም እኮ። የጠየቅኩት ሌላ ነው። በፊርማ ሊገላገለኝ ነው? ንዴቱ ገና እዚሁ ደረቴ ላይ ነው።

ኅዳር 1

የመጀመሪያው ቀን። ደወል ሳይደወል ብዬ በማለዳ ወጣሁ። እሱ ዘግይቶ መጣ። ሰላም አለኝ፣ ወንበሩን ይዞ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ነገር ጎድሎበታል፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሹራቡ የለም። ቀጭን ሸሚዝ ብቻ፣ ክንዱን አጣምሮ። ጠዋቱ ብርድ ነበር።

ልጆቹን ከዛሬ ጀምሮ በፈለጋችሁት እጅ አውጡ፣ የማያውቅም ይጠየቃል አልኳቸው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ላይ አንድም እጅ አልወጣም። እሱ ወደተቀመጠበት ወደ ኋላ ግን አላየሁም። ቀጥሎ አንዳንዱ ሁለቱንም አወጣ፣ አንዳንዱ ቀኙን በግራው ይዞ ተጨነቀ። የመስኮቷ ልጅ ግራዋን አወጣች። ጠራኋት። ተሳሳተች። የሳቀውን ልጅ አንተስ ምን ትላለህ አልኩት፣ እሱም ተሳሳተ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዋልን። አድካሚ ነው። ጉሮሮዬ ተዘግቷል።

ቤት ስደርስ እማ ማሽኗ ላይ ናት። ከጎኗ ግራጫ ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቆምኩ።

"ጠዋት አንቺ እንደወጣሽ መጣ" አለች። "ክርኑ ተቀዷል፣ ስፊልኝ አለ። አወለቀና ሰጠኝ። ከዚያ አይሄድም። ቆመ። ልጅሽ አልኮረጀችም አለኝ። ሳልጠይቃት ነው የፈረድኩባት አለ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"እርስዎ ነገሩኝ እንጂ የመታኋት እኔ ነኝ አልኩት።"

ግራ እጄን ያዘችው። መዳፌን ገልብጣ፣ ነውር ያለበት ጨርቅ እንደምታይ አየችው። በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዳበሰችው። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፣ እኔም አልጠበቅኩም። እጄንም አልቀማኋትም።

ቆይቼ ሹራቡን አነሳሁት። ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ጣት አያስገባም። መቼ ይደርሳል ብለሽዋል አልኳት።

"ሳምንት።"

"እማ፣ ይሄ እኮ የደቂቃ ሥራ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ እየመለሰች። "ትንሽ ይብረደው።"